እርማት፦ የ1890ው ቆጠራ በእሳት ብቻ አልጠፋም

ወንድሜ፣ «የ1890ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ስለተቃጠለ ኔብራስካ ግዛት የሰፈሩትን የባለቤቴን ቅድመ አያቶች መፈለግ ከንቱ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ወሬ ፍለጋውን ጀምሮ ይተወዋል፤ እኔን ያሳዝነኛል።

እሳቱ እውነት ነው። በጃንዋሪ 1921 (በፈረንጆቹ) ዋሽንግተን ውስጥ በንግድ መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ተነሳ። ከመዝገቡ ከፊሉን አቃጠለ፣ ብዙውን ደግሞ ውሃና ጭስ አበላሸው። የተረፈውን ግን እሳት አልበላውም፤ ኮንግረስ በ1933 እንዲወገድ ስለፈቀደ መንግሥት ራሱ ነው ያጠፋው። ዛሬ የቀረው ከ6,000 ጥቂት የሚበልጥ ስም ብቻ ነው።

ቢሆንም መንገዱ አልተዘጋም። ኔብራስካ በ1885 የራሷን ቆጠራ አድርጋለች፣ እሱን እይ። ከሁሉም በላይ ግን የሆምስቴድ ፋይሉን፣ ማለትም መንግሥት ለሰፋሪዎች መሬት የሰጠበትን መዝገብ፣ ፈልግ። በ1862ቱ ሕግ እስከ 160 ኤከር መሬት የወሰደ ሰው አምስት ዓመት ኖሮበት ማረሱን በምስክሮች ማስመስከር ነበረበት፤ ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ኤከር እንዳረሰ፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ፣ ከውጭ የመጣ ከሆነም የዜግነት ወረቀቱ ጭምር ልታገኝ ትችላለህ። ቆጠራ ይህን ሁሉ አይነግርህም።

ከዚያ ወደ ካውንቲው (በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) መዝገቦች ሂድ፦ ጋብቻ፣ ውርስ፣ የመሬት ሽያጭ። አደራ፣ የካውንቲ ድንበር ተቀያይሯል። ቤተሰቡ ከቦታው ሳይነቃነቅ ካውንቲው ተከፍሎ ሊሆን ይችላል፣ የቆየው መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእናት ካውንቲው ይቀራል። መጀመሪያ የዘመኑን ካርታ አይተህ ጠይቅ።