እግረ መንገዳችሁን

የአዲስ አበባን ቤተሰብ እርስ በርሱ ለማጋጨት የውርስ ጉዳይ አያስፈልግም። አንድ ሰው እራት ላይ «እስቲ ለሁለት ሦስት ቀን ከከተማ ወጣ ብለን እንምጣ» ይበል። ሐሳቡን የሚቃወም አይኖርም። ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ሁሉም «እንዲያውም ቆየን» ይላል። ጠቡ የሚነሳው «የት?» ሲባል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርለታል። ሕግ አውጪው ደግ ነው። ቀኑን ሰጥቶ ከተማውን ሳይመርጥልን መቅረቱ ግን ትልቅ ክፍተት ሆኖ ይታየኛል። እኔ ብሆን «ሠራተኛው ለዕረፍት የሚሄድበትን ከተማ አሠሪው ይወስናል» የሚል ንዑስ አንቀጽ አስገባ ነበር። አሠሪን መቀየም ቀላል ነው፤ አማትን መቀየም ግን ብዙ መዘዝ አለው።

ያው ዕረፍቱም ቢሆን ለዕረፍት አይውልም። ግማሹ በለቅሶና በሠርግ ያልቃል፣ ግማሹ «ከጠዋት ጀምሮ እመጣለሁ» ብሎ የቀረ የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠበቅ ያልቃል። የሚተርፈን ቅዳሜና እሑድ ላይ የተለጠፈ የበዓል ቀን ነው፤ ለምሳሌ የካቲት 23 ዓርብ ወይም ሰኞ ላይ ሲውል። አያቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ስንቃቸውን ተሸክመው ዓድዋ ድረስ በእግራቸው ተጉዘዋል፤ የት እንሂድ ብለው ሲከራከሩ ሰነበቱ የሚል ታሪክ አላነበብኩም። እኛ የእነሱን ድል ለመዘከር ሦስት ቀን መኪና ውስጥ ለመቀመጥ ወር ሙሉ እንመክራለን።

ምክሩ ሁልጊዜ የሚጀመረው ከሐዋሳ ነው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሄድኩ ለማለት የምትበቃ፣ ደከመኝ ለማለት የማታደርስ ርቀት ናት። ሐይቅ አለ። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየት አለ። በጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ከጀልባ የተራገፈውን ዓሣ እዚያው አስጠብሶ መብላት አለ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ራሰ በራቸውን አዘንብለው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደሚንጎራደድ ጡረተኛ ዳኛ ቀስ እያሉ በሰው መሀል ያልፋሉ፤ የዓሣ አንጀት ሲጣል ግን ያ ሁሉ ክብር በአንድ ጊዜ ይረሳል። እኔ በበኩሌ እነሱን ለማየት ብቻ እሄድ ነበር።

ችግሩ አዲስ አበባ በሙሉ እንደ እኔ ማሰቧ ነው። ሰው ከቢሮ ለመራቅ ሐዋሳ ድረስ ነድቶ የሒሳብ ክፍል ኃላፊውን ሐይቅ ዳር በቁምጣ ያገኘዋል። ሰላምታ መስጠት ግድ ነው፣ አብሮ መቀመጥም ግድ ነው፣ ሂሳቡን እኔ ልክፈል ብሎ መጎተትም ግድ ነው። የአለቃውን ጉልበት ያየ ሠራተኛ በሥራ ቀን የክፍያ ማዘዣ ይዞ ፊቱ ሲቆም ሁለቱም ወደ ወለሉ ነው የሚያዩት።

ከዚያ የዓሣው ነገር ይመጣል። የካቲት 23 አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይውላል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዓሣ ጾም አያስገድፍም ባይ ነው፤ ማስረጃው በየዓመቱ ይለዋወጣል እንጂ አቋሙ አይለወጥም። አማቴ ደግሞ «ለሆዳም ሁሉም ጾም ነው» ይሉታል። ልብ በሉ፣ አማቴ ከእኛ ጋር አይሄዱም። ወንድምየውም አይሄድም። በምርጫው ላይ ግን ሁለቱም ሙሉ ድምፅ አላቸው፤ ከሚሄዱት ልጆቻችን ይልቅ።

ዓሣውን እንተወውና ሐዋሳ ላይ የባለቤቴ አክስት አሉ። ሳይጠይቋቸው መመለስ ነውር ነው። ጠይቆ ሆቴል ማደር ከነውርም ነውር ነው፤ «ቤቴ ጠቧችሁ ነው?» የሚለው ጥያቄ እስከ መስከረም ድረስ በስልክ ይመላለሳል። በዚያ ላይ የአክስቲቱ ጎረቤት ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው አርፈውባቸው አልደረስንም። ስለዚህ መጀመሪያ ለቅሶ መድረስ አለ። ባለቤቴ ሻንጣ ስታዘጋጅ የዋና ልብሱን አጥፋ ከሥር አስቀመጠች፣ ከላይ ጥቁር ቀሚስና ነጠላ ደረበችበት፣ ትንሽ አየት አድርጋ «ሐዋሳ ይቅር» አለች። እኔም ለሟች ነፍስ ይማር ብዬ ካርታው ላይ ወደ ሌላ ከተማ አለፍኩ።

ስለ ባሕር ዳር ያነሱት ልጆቹ ናቸው፤ ጣና ላይ በጀልባ መሄድ፣ የዘጌ ገዳማት፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ። ድሮ «እዚያ ምን ምን አለ?» ነበር የሚባለው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሆኗል። እሱ ለወግ የሚመች ነገር አይደለም፤ የአካባቢው ሰው በየዕለቱ የሚኖርበትን ነገር እኛ በሽርሽራችን አንለካውም። በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል ተባለ። የአምስት ሰው ቲኬት ተደመረ። ልጄ ስልኩን ዘግቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ላሊበላን አንስቼ ነበር፤ አማቴ አስቆሙኝ። «ላሊበላ ለመሳለም እንጂ ለመዝናናት አይኬድም።» እኔ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይሆናሉ ባይ ነኝ፤ ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ዞሮ ያየ ሰው ተሳልሞም ተዝናንቶም ነው የሚመለሰው፤ ጉልበቱ ብቻ ያልተዝናና ሊሆን ይችላል። ይህን ስል የሆቴሉን ፎቶግራፍ አብሬ ማሳየት አልነበረብኝም። የአልጋው ዋጋ ሲነበብ አማቴ «በዚህ ገንዘብ ስንት ነዳይ ይበላል» አሉ። ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ የለም።

ሐረርና ድሬዳዋ የእኔ ምርጫ ነበሩ። ድሬዳዋ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የቆረቆራት ከተማ ናት፤ የከዚራ ጎዳና በዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ ሰዉም ጨዋታ ያውቃል። ከዚያ ሽቅብ ሲወጣ ሐረር አለ፤ የጀጎል ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ 82 መስጊዶች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ መንገዶች። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ መደምደሚያውን አመጣሁ፤ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በስሙ ተጠርቶ መጥቶ ከሰው እጅ ሥጋ ይበላል አልኩ። የባለቤቴ ወንድም ቡናውን አስቀመጠና፣

«ጅብ ለማየት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር? ከእኛ ሰፈር ምን ጎድሎ ነው?»

እውነቱን ነው። እሱ ያለው ሰፈር ከተራራው ሥር ስለሆነ ጅብ ሌሊት የቆሻሻ ገንዳውን ሊጎበኝ ይወርዳል። ሆኖም የሐረሩ ጅብ ስም አለው፣ የእነሱ ጅብ ግን ስም የለውም፤ ይህን ልዩነት ላስረዳው ስሞክር ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

በመጨረሻ አርባ ምንጭ ላይ ስምምነት ያለ መሰለ። እዚያ ዘመድ የለንም! በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ዘመድ የሌለበት ከተማ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ዓባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ መሀላቸው ያለው ኮረብታ የእግዜር ድልድይ ይባላል፣ በጀልባ ሄዶ የጫሞን አዞዎች ማየት ይቻላል፣ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ቢወጡ የዶርዜ ቤቶች አሉ። ከታች ሙቀት፣ ከላይ ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ። አማቴ አዞውን ፈርተው ሊከለክሉ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ።

«መንገዱ በወላይታ ሶዶ ነው አይደል?»

በዚህ ጊዜ ነገሩ ማለቁን ማወቅ ነበረብኝ። በማግስቱ ማለዳ አንድ ነጭ ባልዲ ይዘው መጡ። የቀለም ባልዲ ነው፤ በአሸዋ ታሽቶ ጽሑፉ ግማሹ የለቀቀ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፣ እጀታው ላይ እጅ እንዳይቆርጥ ጨርቅ የተጠመጠመበት። ለፋሲካ የሚሆን ቅቤ መሆኑ ነው። መመሪያውም አብሮ መጣ። ለጋው አይሁን፣ በጣም በሳሉም አይሁን፣ መካከለኛው ይሁን። ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ከመሀል በጣት ተዝቆ ይሸተታል፣ መዳፍ ላይ ይታሻል። ሙዝ የሚቀላቅሉ አሉና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ደግሞ እናንተ ወደ ሙዝ አገር ነው የምትሄዱት» አሉ፤ ቅቤው በጉዞአችን ብቻ የሚበረዝ ይመስል። ቅቤውን በመሄጃው እንግዛው ቢባል ሦስት ቀን በአርባ ምንጭ ፀሐይ ቀልጦ ያልቃል። በመመለሻው ቢባል ደግሞ ገበያው በማለዳ ነውና አንድ ሌሊት ሶዶ ማደር አለብን። አማቴ መልሱን ይዘው ነበር፤ «ታዲያ እደሩ፤ ዕረፍት ላይ አይደላችሁም?»

ወሬው ከባልዲው ፈጠነ። የፎቁ ጎረቤታችን የዶርዜ ጋቢ እንድናመጣላት መጣች፤ ገንዘቡን ስንመለስ ትሰጠናለች። የታችኛዋ ጎረቤት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድም ልጅ አላት፤ በሶ፣ ጩኮ፣ ቆሎና አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ጋቢ ካዘዘችን ጎረቤት ጋር ተጋጨች። እዚያ ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል ብዬ ብጠይቃት «እናቱ ናት የላከችው» አለችኝ፤ እኔም ወደ ውስጥ አስገባሁት። የቢሮ ጥበቃችን ደግሞ በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ምንም አልጠየቀም፤ «መቼም ሙዝ በነጻ ነው አሉ» ብሎ ብቻ አለፈ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት፦ እግረ መንገዳችሁን። እንዲህ የሚል ሰው መኪና ሲያይ ነጂውን አያይም፤ ባዶ የዕቃ መጫኛ ነው የሚታየው።

የዕቃ መጫኛው ሲሞላ የት ይቀመጡ የሚባሉት ልጆቹ ሆኑ።

በመጨረሻ ባለቤቴ «ከዚያ ይህ ይምጣልኝ የማይባልበት፣ ወደዚያም የሚላክ የሌለበት ቦታ ፈልግ» አለችኝ። በዚህ መመዘኛ የአገሪቱ ከተሞች አንድ በአንድ ወደቁ። ጅማ ከተባለ ቡናና በርጩማ ይታዘዛል። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው። ወደ ላንጋኖ ብንሄድ እንኳ መቂ ላይ ቆሞ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን መጫን አለ። የቀረችው ቢሾፍቱ ናት።

ቢሾፍቱን ማንም መርጦ አያውቅም፤ ቢሾፍቱ የምትቀር ከተማ ናት። ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስላለች ለሐሜት እንኳ አትመችም። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ሐይቆቿ በስንት አገር ጎብኚ የሚፈለጉ ናቸው፤ ባቦጋያ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ውሃውን ማየት፣ ሖራን መዞር ለማንም ይበቃል። እሬቻ በሖራ አርሰዲ በሚከበርበት ሰሞን ካልሆነ አልጋም አይጠፋም። ግን ማክሰኞ ቢሮ ገብተህ «ቢሾፍቱ ነበርኩ» ስትል የሚጠይቅህ «ለስብሰባ ነው?» ብሎ ነው።

ቢሆንም ወሰንን። ባልዲው ተመለሰ፣ ጋቢው ተሰረዘ፣ በሶው በአውቶቡስ ይላክ ተባለ። ጎረቤቶቻችን እንደ ከዳተኛ አዩን። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናችን ባዶ ነበር፤ ባለቤቴ የኋላ ክዳኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ ደስ እያላት አየችው።

ዓርብ ማታ አማቴ ደወሉ።

«ልጄ፣ ቢሾፍቱ ናችሁ አሉኝ።»

«አዎ እማማ፣ ነገ ጠዋት ነው የምንወጣው።»

«እሱማ ምን አላት፣ እዚህ ናት። እኔም አየር ልቀይር ብዬ ነበር።» ትንሽ ዝም አሉ። «ወንድማችሁም ሚስቱን ይዞ ይመጣል፤ የሐዋሳዋ አክስታችሁም ለሕክምና እዚህ ስለሰነበተች ብቻዋን አንተዋትም።»

ወዲያው የባለቤቴ ወንድም ስልኩን ከእጃቸው ተቀበለ። ሚኒባስ ተከራይቷል፤ ሆቴሉ ዘንድም ደውሎ ከአሥር ሰው በላይ ለሚሆን ቡድን ቅናሽ እንዳለ አጣርቷል። ዓሣ እንዳላቸውም ጠይቋል።