ቁጥሩ የቢሮው ይሁን

በባሕር ዳር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ እስከ ፖሊ ግቢ ድረስ በየሕንፃው የተሰቀሉ የትንንሽ ድርጅቶችን ማስታወቂያዎች ያነበበ ሰው፣ ከብዙዎቹ ሥር በ09 ወይም በ07 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር ያገኛል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ወይም የጸሐፊዋ የግል ሲም ነው። ጸሐፊዋ ሥራ ስትለቅ ደንበኛው አብሯት ይሄዳል፤ ባለቤቱ ለቅሶ ሲቀመጥ ወይም በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ሲሻገር ደግሞ ቢሮው መልስ የሚሰጥ ያጣል።

ስለ ርካሽ የቢሮ ስልክ ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ዕቃው ይሮጣል፦ የትኛው ማሽን፣ ስንት ቀፎ፣ በስንት ብር። በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው የቁጥሩ ባለቤትነት ነው። በንግድ ፈቃዱ ስም የወጣ፣ በ058 የሚጀምር አንድ መደበኛ መስመር ሠራተኛ ቢቀያየርም ከድርጅቱ ጋር ይቆያል። ሞባይል የግድ ከሆነም ሲሙ በድርጅቱ ስም ይውጣ፤ ቀፎውም ማታ ማታ ወደ ሠራተኛ ቤት አይሂድ።

ሦስት ወይም አራት ሰው ለሚሠራበት ቢሮ ከዚህ በላይ ብዙ አያስፈልግም። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ቀፎ መቀጠልና ያልተነሣ ጥሪ ወደ ድርጅቱ ሞባይል እንዲተላለፍ ማድረግ ይበቃል። ለተላለፈው ጥሪ የሚከፍለው ያስተላለፈው ቢሮ መሆኑን ግን ቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ከስምንት እስከ ሃያ ሠራተኛ ላለው ቢሮ ነው ምርጫው የሚከብደው። አንደኛው መንገድ የተለመደው ስዊችቦርድ፣ ማለትም የቢሮውን ቀፎዎች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘው ባለ ገመድ ማሽን (ፒቢኤክስ) ነው። በአገራችን ቢሮዎች በብዛት የሚታወቀው የፓናሶኒክ ኬኤክስ ቲኢኤስ 824 ሲገዛ 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ መስመር ይይዛል፤ ውስጡ የሚሰካ የማስፋፊያ ካርድ እየተጨመረለት እስከ 8 የውጭና 24 የውስጥ መስመር ያድጋል። ከክፍል ወደ ክፍል መደወል ምንም አያስከፍልም። ሆኖም ፓናሶኒክ የፒቢኤክስ ምርቱን በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እንደሚያቆም ስላስታወቀ፣ አሁን በርካሽ የሚቀርበው ዕቃ የተረፈ ክምችት ወይም ያገለገለ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ብቻ ተጨማሪ ካርድና የኃይል መስጫ ከወዲሁ መገኘቱን ያረጋገጠ ሰው ይግዛው።

ሁለተኛው መንገድ በኮምፒውተር መረብ የሚሠራው የአይፒ ስልክ ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ማርክ ስፔንሰር የተባለ የአላባማ ወጣት ለትንሿ ኩባንያው ፒቢኤክስ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው፣ የፒቢኤክስን ሥራ በኮምፒውተር የሚሠራ አስተሪስክ የተባለ ሶፍትዌር ዛሬም በነፃ ይገኛል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር ይሠራል። ዋጋውን ለፈራ ቢሮ ከዚህ የተሻለ ምሥራች ያለ አይመስልም። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም የሚተክለውና ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ነፃ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ይህን የሚችል ወጣት አይጠፋም፤ ከተከለ በኋላ የይለፍ ቃሉንና የአሠራሩን ማስታወሻ ለቢሮው ሳያስረክብ አዲስ አበባ ሥራ ካገኘ ግን ችግሩ ከጸሐፊዋ ሲም አይለይም።

ጥሪውን ከቢሮው ውጭ በኢንተርኔት እናስተላልፍ የሚሉም አሉ። የኢንተርኔቱ ፍጥነት ብዙም አያሳስብም፤ አንድ ጥሪ በተለመደው የድምፅ አያያዝ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከ90 ኪሎ ቢት በሰከንድ በታች ይበቃዋል። የሚያሳስበው መዘግየቱና መቆራረጡ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመክራል፤ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ሁለቱ ተነጋጋሪዎች እየተጋጩ «እሺ፣ ይቀጥሉ» ሲባባሉ ይውላሉ። በክልላችን ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ ነጋዴ የለም። ይህን ያየ ቢሮ የደንበኛውን ጥሪ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ቢጥል ምክንያቱ አይገባኝም። ቴሌግራምም ሆነ የአይፒ ስልክ ተጨማሪ በር ይሁኑ፤ ዋናው በር ተራው የድምፅ ጥሪ ይሁን።

መብራትም የራሱ ጉዳይ አለው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መደበኛ መስመር ኃይሉን፣ 48 ቮልት ገደማ፣ ከቴሌ ጣቢያው ስለሚያገኝ የቢሮው መብራት ሲጠፋም ተራው ቀፎ ይሠራል፤ ብዙ ባለ ገመድ ፒቢኤክሶችም ኃይል ሲቋረጥ የውጭውን መስመር በቀጥታ ከአንድ የተወሰነ ቀፎ ጋር ያገናኛሉ። መስመሩ በፋይበር የመጣ ከሆነ ግን ግድግዳው ላይ ያለችው ሣጥን መብራት ትፈልጋለችና ለእሷም፣ ለራውተሩም፣ ለፒቢኤክሱም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ (ዩፒኤስ) መግዛት የዋጋው አካል ነው። በጣና ዳር የክረምቱ ነጎድጓድ ቀላል ስላልሆነም በስልክ ሽቦው ላይ የመብረቅ መከላከያ ማስገባትና ማሽኑን በአግባቡ ከመሬት ጋር ማገናኘት የግድ ነው። ሻጮች ይህን በዋጋ ማቅረቢያቸው ላይ እምብዛም አይጽፉትም።

ለአምስት ሰው ቢሮ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚል ማሽን የሚያስገቡትን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው፦ ከገጠር የሚደውል ሽማግሌ ሰው ሲያነሣለት ይመርጣል።

በመጨረሻ የሕጉ ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም ዕቃ ማስገባትንም ሆነ በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል የሚያይ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ በአይፒ ቀፎ መነጋገርና የውጭ አገር ጥሪን ከቴሌኮም ኦፕሬተሩ ደብቆ በሲም ካርዶች ማስገባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቢሆንም ብዙ ሲም የሚጎርስ መሣሪያ «ሒሳብ ይቀንሳል» ተብሎ ሲቀርብ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቅ፤ ሻጩም የዕቃውን ፈቃድ በጽሑፍ ያሳይ። ማሳየት ካልቻለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ዕቃውን ሱቁ ውስጥ ትቶ መውጣት ነው።