ምርመራው ከቀብዱ ይቅደም

ታናሽ እህቴ በእቁብ ባጠራቀመችው ገንዘብ ያገለገለች ቪትዝ የገዛችው አምና ነው። ደላላው «ንጹሕ ናት፣ ቦሎዋም ታድሷል» ብሏታል። ቀብድ ከፈለች፣ ውል ፈረመች፣ ቀሪውንም አስተላለፈች። ስም ለማዛወር መኪናዋን ስታስመረምር ግን የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አልገጥም አለ። ለካ ሞተሩ ድሮ ተቀይሯል፤ የቀየረው ሰው ለአዲሱ ሞተር የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አላስገባም። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በውክልና እየተሸጠች ሁለት እጅ አልፋለች። ሻጩም «እኔም እንዲሁ ነው የገዛኋት» አለ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ወራት ሄደ፤ እህቴ መኪና ገዝታ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ስትጋፋ ከረመች።

ቁጥሩ አልገጠመም ያለውን መርማሪ አልወቅስም፤ ሥራውን ሠርቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላ ጉድለቱ ቢገኝ ለገዢው ምን ይፈይድለታል? ደግሞስ ቦሎው በየዓመቱ ሲታደስ ያ ቁጥር እንዴት ሳይታይ አለፈ?

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል። ግን ለአንዲት ቪትዝ ፍርድ ቤት ሊመላለስ አቅሙም ጊዜውም ያለው ስንቱ ነው?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ነባሮቹ ቪትዝና ኮሮላዎች ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። ስቱኮ በቀለም ይሸፈናል፣ ኪሎ ሜትር ወደኋላ ይመለሳል፤ ገዢ የሚያምነው የደላላውን አፍና የሚያውቀውን መካኒክ ብቻ ነው።

በብሪታንያ የአንድ መኪና ሰሌዳ ቁጥር ያለው ሰው የቀደሙ ዓመታት የምርመራ ውጤቷን፣ በየጊዜው የተነበበውን ኪሎ ሜትር ጭምር፣ በኢንተርኔት በነፃ ያያል። ኪሎ ሜትሩ አምና ካለው አንሶ ከተገኘ ያኔውኑ ይታወቃል። እኛም ዘንድ መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ትመረመራለች። እንግዲያው ውጤቱ ተመዝግቦ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር መመሳከሩም ተጽፎበት፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ለገዢው በእጁ ይሰጠው። ውል የሚያጸድቀውም ክፍል ይህን ወረቀት ሳያይ አያጽድቅ። ለሻጭም ይበጀዋል፤ ስሙ ሳይዛወር በውክልና የሸጣት መኪና ሰው ብትገጭ በሕጉ መጀመሪያ የሚጠየቀው በስሙ የተመዘገበችው ባለቤት ነው።

እስከዚያው መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ ሁሉ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ኮፈኑን አስከፍታችሁ ሁለቱንም ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሻጩ «እሱ ኋላ ይታያል» ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።