«ኧረ እኔ እዚሁ ይበቃኛል»

ባሕር ዳር ላይ ትሕትና ጠፋ የሚል ሰው፣ ሰርግ ተጠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ከተጣለ ድንኳን ብደርስ በሩ ላይ ትሑታን ተጣበው መግቢያ የለም፤ መካከሉ ባዶ ነው።

ምስጋናዬ በተለይ ለአንድ ጋሼ ይድረስልኝ። (ስማቸውን የማልጠራው ትሕትናቸው እንዳይጎዳ ብዬ ነው።) አቀማመጣቸው ትምህርት ቤት ሊከፈትለት ይገባል። በሩ ላይ ቢለጠፉ ወጥ ያዡ ይረግጣቸዋል፤ ወደ ውስጥ ቢዘልቁ ማን ይጠራቸዋል? ስለዚህ የሙሽራው አባት ዐይን በምታርፍበት፣ የፕላስቲክ ወንበሯን ጫፍ ብቻ ይዘው ቁጭ ይላሉ።

«ጋሼ፣ ኧረ በማርያም! ወደ ላይ!»

«ኧረ እኔ እዚሁ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

«ተዉኝ ልጆቼ፣ እኔ ምን ሰው ነኝና።»

ሦስት ጎረምሳ ክንዳቸውን ይጎትታል፣ እሳቸው ይገታሉ፣ ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ ያያል። በሦስተኛው «በሞቴ» ይነሣሉ። በሁለተኛው የሚነሣ ችኩል ነው፤ አራተኛውን የሚጠብቅ ቁማርተኛ።

ደግሞ መጽሐፍ አላቸው። ሉቃስ ምዕራፍ 14፣ ሰርግ የተጠራ ሰው በዝቅተኛው ስፍራ ይቀመጥ ይላል። ጋሼ ዝቅተኛውን ስፍራ መሳፈሪያ፣ «ወዳጄ ሆይ፥ ወደ ላይ ውጣ» የምትለዋን መውረጃ አድርገው ተረድተውታል። በዚህ አገር የሚበልጧቸው ጣና ደሴት ላይ፣ ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም አፅማቸው ያረፈው እነ ዐፄ ፋሲል ብቻ ናቸው፤ እነሱ ስንት «በሞቴ» ቢባሉ አይነሡም።

ላይ ከወጡ በኋላ ያለውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሙሴ በምድር ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት ነበር ተብሎ ተጽፏል። «እኔ ማን ነኝ?» ያለው ግን ለእግዚአብሔር ነው፤ ፈርዖን ፊት ሲቆም ሕዝቡን ልቀቅ አለ እንጂ አልተሽኮረመመም። ጋሼ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው ያዛቡት። «እኔ ምን ሰው ነኝና» ለባለሀብቱ ነው፤ እጅ የሚያስታጥበው ልጅ ሲመጣ ግን ፈርዖን ራሱ ይነሣል። «አንተ! ውኃው በረዶ ነው እኮ! የማን ልጅ ነህ?» ልጁ ጎንበስ ብሎ ጣታቸውን ያስታጥባል። እሱን ወደ ላይ ና ያለው የለም።

ወጣቱም አልሰነፈም። በጀልባ ዘጌ ይሻገራል፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያነሣዋል፤ ማታ ፌስቡክ ላይ «እኔ ኃጢአተኛው» የሚል ጽሑፍ ይከተላል። አንድ የዋህ ከሥር «እውነትህን ነው» ብሎ ቢጽፍለት ወዲያው ብሎክ አደረገው።

ጋሼን የጎዳቸው አንድ ሰርግ ብቻ ነው። አስተናጋጁ ውጭ አገር ያደገ የሙሽራው አጎት ነበር። «ኧረ እኔ እዚሁ ይበቃኛል» ሲሉት ደስ ብሎት «እሺ አባባ፣ እንደተመቸዎት» ብሏቸው ሄደ። የጣና ነፋስ በበሩ እየገባ ጀርባቸውን ሲመታቸው ዋለ፤ ጥሬ ሥጋው እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ አለቀ።

ያ ቤተሰብ ሰው አያከብርም ይላሉ፤ እስከ ዛሬ ደጁን አልረገጡም።