ሲልቨር ስፕሪንግ የት ጀምራ የት ታበቃለች?

ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። የከተማ ምክር ቤትም ሆነ የራሷ ፖሊስ የላትም። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰነው ይህች የሜሪላንድ ሰፈር በሕግ ፊት ከተማ አይደለችም። የእንግሊዝኛውን ዜና ስትሰሙ ግን ትልቅ ከተማ ትመስላችኋለች። ስሟ የማይገባበት ቦታ የለም።

ችግሩ ስሙ ብዙ ትርጉም መሸከሙ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ለራሱ ሥራ መስመር አስምሮላታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዚያ መስመር ውስጥ 81,015 ሰው ቆጥሯል። የፖስታ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከዚህ በብዙ ይሰፋል። አስፐን ሂል፣ ኋይት ኦክ፣ ኮልስቪል፣ ግሌንሞንት የሚኖር ሰው ደብዳቤ የሚደርሰው በሲልቨር ስፕሪንግ ስም ነው። ቆጠራው እነዚህን ሰፈሮች ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ለአካባቢው ሰው ደግሞ ስሙ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ባቡር ጣቢያው፣ ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ስትሪት፣ ሱቁና ምግብ ቤቱ። ከተማ ሳትሆን "ዳውንታውን" አላት።

የአሜሪካን መድኃኒትና ክትባት የሚፈቅደውን ኤፍዲኤን ውሰዱ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አድራሻው ላይ "ሲልቨር ስፕሪንግ" ይላል። ሕንፃው ያለው ግን ኋይት ኦክ ነው፣ ከዳውንታውኑ ራቅ ብሎ። የአየር ጠባይና የውቅያኖስ ነገር የሚከታተለው ኖአ ግን እውነትም ዳውንታውኑ ውስጥ ነው። ዓለም የሚያውቃቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች፣ በአንድ ስም፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች።

ስሙ መጀመሪያ የአንድ ሰው ርስት ስም ነበር። በሚነገረው ታሪክ፣ ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1840 በፈረስ ሲያልፍ ምንጭ አገኘ። አሸዋው ውስጥ ያለው ሚካ የሚባል ማዕድን እንደ ብር ያብለጨልጭ ስለነበር ርስቱን በዚያ ሰየመው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስሙ የመሬት ሻጮች እጅ ገባ። ብሩክ ሊ የተባለው ባለሀብትና ፖለቲከኛ መሬቱን እየሸነሸነ ሸጠ። ብዙዎቹ ውሎች ጥቁር እንዳይገዛ የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። ዛሬ እንጀራና ቡና በየጥጉ የሚሸጥበት ሰፈር ያኔ እንደኛ ላለ ሰው በውል የተዘጋ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

በነገራችን ላይ መጨረሻው ላይ "ስ" የለም። "ሲልቨር ስፕሪንግስ" ፍሎሪዳ ነው፣ ሰው በመስታወት ወለል ጀልባ የሚጎበኘው የምንጭ ቦታ። የሜሪላንዷ አንድ ምንጭ ብቻ ናት። አሜሪካኖቹም ይሳሳታሉ፣ እኛም እንሳሳታለን። ይሄ ቀላሉ ስህተት ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። "ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ተኩስ" የሚል ዜና ሲወጣ ነገሩ የተፈጠረው አስፐን ሂል ሊሆን ይችላል። ጋዜጠኛው የፖስታ አድራሻውን አይቶ ይጽፋል፣ ዳውንታውን ያለው ባለ ሬስቶራንት ስሙ ይነሳበታል። ደላላው ደግሞ በተገላቢጦሽ ይጠቀምበታል፤ ከባቡሩ የራቀውን ቤት በዳውንታውኑ ስም ይሸጣል። እንደኔ ከሆነ ስሙ እንዲህ መለጠጡ የሚጠቅመው ለሚሸጥ ሰው ነው። አቤቱታ ያለው ሰው ግን የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ግራ ይገባዋል።

በሩ ያለው የካውንቲው (ከስቴት በታች ያለው አስተዳደር) መቀመጫ በሆነችው ሮክቪል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያስተዳድረው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ፖሊሱ የካውንቲው ነው፣ ትምህርት ቤቱ የካውንቲው ነው፣ ዳውንታውኑ ውስጥ ያለው የሕዝብ ፓርኪንግ ሳይቀር የካውንቲው ነው። ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት፤ ሰባቱ ከየወረዳቸው፣ አራቱ ከመላው ካውንቲ ይመረጣሉ። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ወረቀት በአማርኛም ያስተረጉማሉ። ጎንደርም እህት ከተማ ስትሆን የተጣመረችው ከካውንቲው ጋር ነው። ሐበሻው በብዛት የሚታወቅበት ስም ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ሳለ፣ ለጎንደር ፊርማ የሚያኖር የሲልቨር ስፕሪንግ ማዘጋጃ ቤት አልነበረም።

የኛ ማኅበራትና ሚዲያዎች ይህን ቢያብራሩ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ዲሲና አካባቢው" ነው። ከዚያ ጠበብ ሲል "ሲልቨር ስፕሪንግ"። ኪራይ ሲጨምር፣ አውቶቡስ ሲቀር፣ ንግድ ፈቃድ ሲዘገይ የሚጠየቀው ግን ወረዳህን ወክሎ ሮክቪል የተቀመጠው ሰው ነው። ስሙን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ከጎረቤት ጋር ሲነጻጸር ነው። አጠገቧ ያለችው ታኮማ ፓርክ ትንሽ ብትሆንም ሕጋዊ ከተማ ናት። ከንቲባ አላት፣ ምክር ቤት አላት፣ ፖሊስ አላት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ለ16 ዓመት ልጆችም ፈቅዳለች። ስለዚህ ታኮማ ፓርክ ያለ ባለ ግሪን ካርድ ከንቲባውን ይመርጣል። መንገድ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሙ የሚመርጠው ከንቲባ የለውም፤ የካውንቲው ምርጫ ደግሞ ለዜጋ ብቻ ነው። ሁለቱም አንድ ባቡር ይሳፈራሉ፣ አንድ ገበያ ይገበያያሉ።

ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ "ባቡሩ ስንት ደቂቃ ነው?" ማለታችሁ አይቀርም። "ከተማው ወሰን ውስጥ ነው?" የሚለውንም ጨምሩበት። ደብዳቤው ላይ "ታኮማ ፓርክ" የተጻፈበት ቤት ሁሉ ከተማው ውስጥ አይደለምና።