ቁልቢን የረሱት አማካሪ

ከአዳማ ተነስተው በአንድ ቀን በእግራቸው አሰላ ለመግባት የቆረጡት ወጣቶች ወሬ ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ላይ ወጣ። ጠዋት ሻይ ይዘን ከምንሰማቸው የኤፍኤም ፕሮግራሞች በአንዱ የቀረቡ አንድ የጤና አማካሪ ልጆቹን በሦስት ነገር ወቀሷቸው። ሰውነትን ይጎዳል አሉ። ድሃው ተገዶ የሚሄደውን መንገድ መጫወቻ ማድረግ ነውር ነው አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቁ ኖሮ ሻዬን ጨርሼ ወደ ሥራዬ በሄድኩ። ሦስተኛውን ጨመሩ፦ አበሻ ካልቸገረው በቀር ረጅም መንገድ በእግሩ አይሄድም፣ ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው። ጋዜጠኛውም ሳቀ።

በማግስቱ ለልጆቹ ውኃ አቀርባለሁ ብሎ የነበረው ድርጅት ሐሳቡን ቀየረ። እንግዲህ አንድ የሬዲዮ ቀልድ ይህን ያህል ጉልበት ካለው፣ ቀልዱን ገልጦ ማየት ተገቢ ነው።

አበሻ ካልቸገረው በእግሩ አይሄድም! ይህን ሌላ ቦታ ሆነው ቢሉት ይሻል ነበር። አዳማ ላይ ተቀምጦ ግን እንዴት ይባላል? ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ በእኛ በር አይደለም ወይ የሚያልፈው? ወደ መተሐራ፣ ወደ አዋሽ የሚወርደውን መኪና ቆመን የምንቆጥረው እኛ አይደለንም ወይ? በዚህ በኩል የሚያልፈው አብዛኛው በመኪና ነው፣ እሺ። በወዲያ በኩል ግን ከድሬዳዋ ተነስተው የደንገጎን ዳገት በእግራቸው የሚወጡትስ? ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ቤቱ ደጃፍ መኪና አቁሞ የመጣ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃረብ ደግሞ አንዳንዱ መንገዱ አንሶት ድንጋይ ይሸከማል። ታክሲ ጠፍቶባቸው ነው?

ስለት ይባላል፣ አማካሪያችን። ሰው ከራሱ ጋር ቃል ይገባል፣ ቃሉንም በእግሩ ይከፍላል። በመኪና ሄዶ መሳለም እየተቻለ በእግር መሄዱ ነው ነገሩን ነገር የሚያደርገው። የቸገረው ሰው መንገዱን ለማሳጠር ይሞክራል፣ ስለተኛው ግን ሆን ብሎ ያረዝመዋል። ይህን ልዩነት ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቁ እናቶች በየቤታችን ሞልተዋል።

ደግሞ የአንድ ሃይማኖት ነገር አይደለም። ባሌ ወዳለው ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሄዱትን ሙስሊም ምእመናን አስቡ፤ ባላ ዱላቸውን ይዘው፣ ውዳሴ እያዜሙ፣ ቀን ሳይሆን ሳምንታት በእግራቸው የሚሄዱ አሉ። ወደ ኋላ ብንሄድ አባቶቻችን የግብፅን በረሃ አቋርጠው ኢየሩሳሌም ይደርሱ ነበር። ወደ ፊት ብንመጣ «ጉዞ አድዋ» ብለው ከአዲስ አበባ አድዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው የተጓዙት የእኛው ዘመን ልጆች ናቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ያላቸው። ርቀትን ራሱን በምን ነበር የምንለካው? «የአንድ ቀን መንገድ ነው» እያልን አይደለም? መለኪያው የሰው እግር የሆነበት አገር ውስጥ፣ የቀን ሙሉ ጉዞ ከውጭ የገባ ዕቃ ነው ሲባል መስማት ያማል።

ፈረንጁማ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ኔዘርላንዶች ናይሜኸን ላይ የሚያካሂዱት የአራት ቀን ጉዞ የተጀመረው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አንድ የቆየ የወታደር መመሪያ አንስቶ ወታደሮቹን 80 ኪሎ ሜትር በ20 ሰዓት መሄድ ትችላላችሁ ወይ ቢላቸው፣ ሕዝቡም መንገድ ለመንገድ ፈሰሰ። ወንድሙ ሮበርት በክረምት ብርድ፣ በቢሮ ቆዳ ጫማ ሄዶ ጨረሰው። ቅብጠት ከተባለ የቆዳ ጫማው ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። አምና ይህንኑ መንገድ ብቻዬን ሞክሬዋለሁ። ከአዳማ ፖስታ ቤት ሌሊት 9 ሰዓት ተነሳሁ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ። በመካከሉ ግን መንገዱ መጀመሪያ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ያ ነው ሰውን የሚያታልለው። መልካሳ ላይ ወንዙን ስሻገር ፀሐይ ልትወጣ ነበር፣ እኔም ጀግና ነበርኩ። ዴራን ካለፍኩ በኋላ ግን ጀግንነቱ እያነሰ፣ ዳገቱ እየበዛ መጣ። ጥፋቴ አዲስ ጫማ ማድረጌ ነው። ቀትር ላይ ሁለቱም ተረከዞቼ ውኃ ቋጥረዋል፣ ጭኔ ተልጧል፣ የጭላሎ ተራራ ደግሞ ከፊቴ ቆሞ አንድ ስንዝር አልቀርብ ብሎኛል። ኢተያ የገባሁት በስንዴው ማሳ መካከል እያነከስኩ ነው።

አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ባለቤቷ እግሬን አዩና «ልጄ፣ ስለት ነው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። አብደሃል ወይ አላሉም፣ ማን አሳደደህ አላሉም፣ ፈረንጅ ነህ ወይ አላሉም። ጨው ያለበት ሙቅ ውኃ በሳህን አምጥተው እግሬን አስነከሩኝ። ስለት አይደለም፣ እችል እንደሆነ ልይ ብዬ ነው ብላቸው «ያው ነው» ብለው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። ሬዲዮ ላይ መቅረብ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ! እኔ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም፣ በሚኒባስ ተመለስኩ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጃለሁ፣ አሰላ አልገባሁም። ይህን ይዘው የሚስቁብኝ ካሉ ይሳቁ፣ ተረከዛቸውን አሳይተው።

ወደ ነውሩ እንምጣ። ድሃው ተገዶ የሚያደርገውን ወዶ ማድረግ ድሃውን መስደብ ነው የሚለው ክርክር ሲሰሙት ርኅራኄ ይመስላል። እንዲያ ከሆነ ጾምም የተራበን መስደብ ነዋ! 55 ቀን ሁዳዴ የሚጾም፣ ረመዳንን የሚይዝ ሰው ሁሉ በተራበ ላይ እየቀለደ ነው ማለት ነው። ኃይሌ በልጅነቱ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው መኪና ስላልነበረ ነው፤ ዛሬ ቲሸርት ገዝቶ ታላቁ ሩጫ ላይ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ የአሰላን ገበሬ ልጅ ሰደበ? እንጨት ተሸክመው ከተማ የሚወርዱት እናቶች ጉዳይ የሚያንገበግበው ሰው ለእነሱ የሚጠይቀው ሌላ ብዙ ነገር አለ። የመንገድ ዳር መሄጃ ይጠይቅላቸው፣ የጭነት መኪና ጠርዝ ለጠርዝ እየገፋቸው ነው የሚሄዱት። ቀኑን ሙሉ በዚያ ጠርዝ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። በመኪና መስኮት አይታይም።

የጤናውን ነገር ባጭሩ። ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው፤ ይህን እቀበላለሁ። ሕመም ሲጀምር እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ እየዋጡ መቀጠልም ሞኝነት ነው፣ ውኃ ያነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል። ውኃ ብቻ መጋትም አይበቃም፣ ላብ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው፤ ቆሎው ጨው ይኑረው፣ በሶውም እንዲሁ። ከዚህ ሌላ መራመድ ምን አደረገ? ሯጭ እግሩ መሬት ሲነካ ከክብደቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይቀበላል፣ ተራማጅ ከራሱ ክብደት እምብዛም አያልፍም። ለሩጫ «በርቱ» የሚል አማካሪ ለእርምጃ «ተጠንቀቁ» ሲል ግራ ይገባል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህችን ከተማ ሰው የሚጨርሰው ባጃጅ ነው። ሁለት ፌርማታ ለማትሞላ መንገድ ሦስት ደቂቃ ቆመን ባጃጅ እንጠብቃለን፣ ከዚያ ደረጃ ስንወጣ ቁና ቁና እንተነፍሳለን።

ከአዳማ አሰላ ያለው ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አሥራ አምስት ሰዓት ነው የሚጠይቀው፣ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት ቢኬድ። ልጆቹ ይህን ሒሳብ ሠርተውታል፣ ለዕረፍቱም ለማታውም አስበዋል። ድርጅቱ ውኃውን ቢከለክልም ዴራም ኢተያም ውኃ ይሸጣል። የፊታችን ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ይነሳሉ፣ እኔም አብሬ አለሁ፣ በአሮጌ ጫማዬ። አማካሪያችን እስከ መልካሳ እንኳ ቢሸኙን ደስ ይለናል። የመመለሻ ባጃጃቸውን እኔ እከፍላለሁ።