ቴክኒሻኖቹስ?

ስለ ጀርመን የዋልታ ምርምር መርከብ ስለ ፖላርሽተርን ተመራማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ቴክኒሻኖቹ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። እኔ ጅማ ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፣ ሥራው ይገባኛል። የባሕሩን ጨዋማነት፣ ሙቀትና ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ በዊንች (በገመድ መጎተቻ) ተስቦ ሲወጣ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሆነ በሴንሰሩ (በመለኪያው ክፍል) ቱቦ የቀረው ውሃ ወዲያው በረዶ ይሆናል፤ ሴንሰሩንም ሊሰነጥቀው ይችላል። ቶሎ ወደ ሞቀ ክፍል የሚያስገባው፣ ቱቦውን የሚያጥበው ማን ነው? እኛ እዚህ ለአንድ ሴንትሪፉጅ (ናሙና በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ መሣሪያ) ካርቦን ብሩሽ፣ ማለትም ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ትንሽ መለዋወጫ፣ ስናጣ አዲስ አበባ እንደውላለን (እሱም ቢሆን ስንት ደጅ ጥናት አለው!)። መርከቡ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 ከአርክቲክ በረዶ ጋር ሲንሳፈፍ ግን ከወደብ ያልተጫነ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም ነበር። እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፍ ምን ምን መለዋወጫ ይዘው እንደሚወጡ ጠይቁልን።